የጋሽ ብርጋ እሁዶች

ይህ የገጠመኝ መብራት በፈረቃ በሚለቀቅበት ጊዜ፣ ሚሊኒየሙ ከተከበረ አንድ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። እንዳልረሳው የሚያደርገኝ አንድ አሮጌ ጃኬት ነው። ሰዎች ጃኬቱን እያዩ ይጠይቁኛል፤ እኔ ሳቅ ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ተበላ ከምትባለው የቆላ ከተማ ወደ ወላይታ ሶዶ ተቀጥሬ የመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነበር። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ገቢ ደብዳቤዎችን በቀናቸው ቅደም ተከተል እየለየሁ ፋይል ውስጥ አስራለሁ። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። ተበላ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው። ግን ማን አለኝና እሄዳለሁ? ሶዶም ውስጥ ቢሆን እሁድ ከጸሎት ስንወጣ እጄን ጨብጠው ከሚያልፉት በቀር የሚያጫውተኝ አልነበረም።

ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ኩራት ከእናቴ ወርሻለሁ፤ ካልጠሩኝ አልጠጋም። ባልደረቦቼ በሻይ ሰዓት ተያይዘው ሲወጡ እኔ ፋይል የማስተካክል መስዬ እቀር ነበር። እነሱም ሥራ ወዳድ ናት ብለው ተዉኝ።

ያን ጊዜ እሁድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ ድራማ ነበር። አንድ ፋርማሲስት በዝናብ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ በዚያው ይጠፋል፤ ሚስቱ ትጠብቀዋለች። ታሪኩ በቀጥታ አይሄድም። አንዱ ሳምንት ከሠርጋቸው በፊት ይሆናል፣ ሌላው ሳምንት ሰውየው ከጠፋ ከዓመት በኋላ። ከተማው ሁሉ "ሞቷል"፣ "የለም፣ ሌላ ሚስት አግብቶ ነው" እያለ ይከራከር ነበር።

መብራት ደግሞ አንድ ቀን ለእኛ ለላይኛው ሰፈር፣ አንድ ቀን ለታችኛው ነው። ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ አንዱ እሁድ የእኛ ሲሆን ቀጣዩ የእነሱ ነው። ድጋሚው የሚተላለፈው በሥራ ሰዓት ስለሆነ አይታይም። ስለዚህ ሁላችንም ድራማውን ያየነው በግማሹ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ "ትናንት ምን ሆነ?" ይባባል ነበር። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከጋሽ ብርጋ ጋር እስክንተዋወቅ ድረስ።

ጋሽ ብርጋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የቀሩ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ። ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሥራ በምሄድበት መንገድ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ይሠራሉ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ነው።

የቆላ ልጅ ስለሆንኩ የሶዶ ብርድ አልቻልኩም ነበርና ከገበያ አንድ ቡናማ ሰልባጅ ጃኬት ገዛሁ። በጣም ሰፊ ነው፤ አንድ ቁልፍም ጎድሎታል። ሰኞ ጠዋት እንዲያጠብቡልኝ ወሰድኩላቸው። ወገቤን እየለኩ፦

"እናንተ ጋ ትናንት መብራት ነበር አይደል?" አሉኝ። "ሰውየው ተገኘ?"

ያየሁትን ነገርኳቸው። ስነግራቸው ከሥራ እንደዘገየሁ እንኳ አላስተዋልኩም። በመጨረሻ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ "በይ፣ የሚቀጥለው እሁድ የእኛ ተራ ነው። ሰኞ ነይና እነግርሻለሁ" አሉ።

እንዲህ ጀመርን። አንድ ሰኞ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንድ ሰኞ እሳቸው ይነግሩኛል። ሰኞን የሚወድ የመንግሥት ሠራተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የመዝገብ ቤት ሰው አይደለሁ? አንድ ደብተር ገዝቼ ድራማውን እንደ ገቢ ደብዳቤ በቀን በቀን መደብኩት። የእኔን እሁድ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የጋሽ ብርጋን በቀይ። አልገጥም የሚል ነገር ሲያጋጥመኝ "ይሄማ ከመጥፋቱ በፊት የሆነ ነው" ብዬ ወደ ኋላ አሸጋሽገዋለሁ። ታሪኩ ራሱ ስለሚዘል ሁሉም ነገር የሆነ ቦታ ይገባ ነበር።

በጋሽ ብርጋ እሁዶች ልብስ ይበዛል። የሰውየው ኮት ገበር ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቶ ይገኛል። ሚስትየው ሸሚዙን ተኩሳ ትሰቅላለች። እኔ ሞኟ፣ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ዓይናቸው ልብስ ላይ ያርፋል ብዬ ነበር። ከሁሉ የወደድኩት አንዱን ነው። ሚስትየው ከገበያ ስትመለስ፣ ከሸሚዙ ላይ ወድቆ የነበረው ቁልፍ ተተክሎ ታገኘዋለች። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ሌሎቹ ቁልፎች በነጭ ክር ናቸው፣ ያቺ ብቻ በአረንጓዴ።

"ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

"አለሁ ማለት ነው" አሉ፣ መርፌ ውስጥ ክር እያስገቡ። "እሷ ስትወጣ ገብቶ ነው የተከለው። ፊቷን ማየት አፍሮ ነው እንጂ ሰውየውስ ቅርብ ነው።"

ያን ቀን ደብተሬ ላይ በትልቁ "አልሞተም" ብዬ ጻፍኩ።

በጋው ሲሞቅ ጃኬቱን እሳቸው ጋ ተውኩት። ለጎደለው ቁልፍ የሚመሳሰል አላገኙም ነበር፤ "እስካገኝ እኔ ጋ ይቀመጥ" አሉኝ።

አንድ ቀን ባልደረቦቼ ለሻይ ጠሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወሬው ስለ ድራማው ነበር። ቶና የሚባለው የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ገዳዩ የሚስትየው ወንድም ነው ብሎ ይምላል። እኔም ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት፣ "አልሞተም፤ ማስረጃም አለኝ" አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ገበሩን፣ ሸሚዙን፣ አረንጓዴውን ክር በቅደም ተከተል ዘረገፍኩት።

ከዚያ ቶና፣ "አንቺ፣ ይሄን የት አየሽ? እኛ ታችኛው ሰፈር ነን እኮ። እንደዚህ የሚባል ነገር የለም" አለ።

"ሌላ ቻናል ይሆናል" አለ አንዱ። ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፣ አሁን ሳስበው። ያኔ ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ከዚያ ቀን በኋላ "አረንጓዴ ክር" የቢሮው ቀልድ ሆነ።

ቀጣዩ እሁድ የታችኛው ሰፈር ተራ ነበር። ከጸሎት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ጋሽ ብርጋ ሄድኩ። ልይዛቸው ነው የሄድኩት። አብረን እንይ ልላቸው ነበር የተዘጋጀሁት።

ድራማው ተጀምሯል፤ ድምፁ ከጎረቤት በግድግዳው በኩል ይሰማል። የእሳቸው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ላይ የክር ጥቅልሎች ተደርድረውበታል። እሳቸው ወንበር ላይ ሆነው እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ። ሲያዩኝ ወረቀቱን በእጃቸው ሸፈኑት። የሰኞውን ታሪክ እያዘጋጁ ነበር።

"ቴሌቪዥኑስ?" አልኩ።

"ተቃጠለ" አሉ። "መብራት ሲመለስ በኃይል መጣና ጨሰ።"

"መቼ?"

"በሁለተኛው የእኛ እሁድ።" ቀና ብለው አላዩኝም። "ሰኞ ልነግርሽ ነበር፣ አስቴርዬ። እየሮጥሽ መጣሽ። 'እሺ ጋሽዬ፣ ምን ሆነ?' ስትይኝ አቃተኝ። ቴሌቪዥን የለኝም ብልሽ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ? እኔ እኮ ሳምንቱን የምገፋው ሰኞን እያሰብኩ ነው።"

ይህን ሰምቶ የሚጨክን ሰው ይኖራል? እኔ ነበርኩ።

"መሳቂያ አደረጉኝ!" አልኳቸው። "እኔም ሰው ብዬ!"

ይቺ "ሰው ብዬ" ያልኳት ቃል እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ መንገዴን ቀየርኩ። በላይ በኩል ዞሬ፣ ሩብ ሰዓት ጨምሬ እሄድ ነበር። ዝናቡ ገባ፣ የዳሞታ ተራራ ጉም እስከ በሬ ድረስ ወረደ። ጃኬቴ እሳቸው ጋ ነው። በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጥኩ አልሄድም አልኩ። ኩራቴን ከማጣ ብርድ ይሻላል የምል ዓይነት ሰው ነበርኩ።

የድራማው መጨረሻ በእኛ እሁድ ዋለ። ብቻዬን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ፋርማሲስቱ የሞተው በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ዝናብ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወስዶታል። ማንም አልገደለውም፣ የትም አልሄደም፣ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። ሚስቱ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀችው የሞተ ሰው ነው።

አለቀስኩ። ለድራማው ብቻ አይመስለኝም። እንባዬን ጠርጌ ቀይና ሰማያዊ የጻፍኩበትን ደብተር ሳገላብጥ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ይበልጥ ያምር ነበር። የዚያን ጊዜ መጨረሻውን ልነግረው የምፈልገው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

በነጋታው በአሮጌው መንገድ ሄድኩ። "ጋሽዬ፣ የእርስዎ ይሻላል" ልላቸው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። በረንዳው ባዶ ነው። የስፌት መኪናው የነበረበት ሲሚንቶ ላይ አራት የእግሩ ምልክቶች ብቻ ቀርተዋል።

ዳጣ የሚባለውን የበርበሬ ማባያ የምትሸጠው ጎረቤታቸው በወላይትኛ ጠራችኝ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ብቻዎን መቀመጥ ይብቃዎት ብሎ ወስዷቸዋል። ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። "ሰኞ ሰኞ ወደ ላይኛው ሰፈር እያዩ ይቀመጡ ነበር" አለችኝ። ስልክ አልተዉም፣ ወይም እሷ ጋ አልነበረም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ አውጥታ ሰጠችኝ።

ጃኬቴ ነበር። ታጥቦ ተተኩሷል። በጎደለው ቁልፍ ቦታ አንድ ቁልፍ ተተክሏል። ሌሎቹ በቡናማ ክር ናቸው፤ ያቺ ብቻ በአረንጓዴ።

መንገድ ላይ ቆሜ ለበስኩት። ቢሮ ስደርስ ቶና አየና ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወው። የዚያን ቀን ሻይ ሲወጡ ሳይጠሩኝ ተከተልኳቸው።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር በረንዳ ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ሳይ እቆማለሁ። እስካሁን አላገኘኋቸውም። በዕድሜያቸው ሳሰላው ላገኛቸውም አልችል ይሆናል። ጃኬቱ ክርኑ አልቋል፤ እኔም ወፍሬ አይቆለፍልኝም። ሰዎች "ይቺን አንዷን ክር ለምን አታስቀይሪያትም?" ይሉኛል።

አላስቀይርም። ድራማውን ሁሉም ረስቶታል። እኔ የማስታውሰው የጋሽ ብርጋን ነው፤ በእሳቸው ደግሞ ሰውየው ቅርብ ነው።