የስትሮው ናሙና

የግዥ ኮሚቴያችንን የሚያህል ከንቱ ስብስብ አላየሁም። አንዷ አባል እኔ ነኝ፤ እፍረቴም ከዚያ ይጀምራል።

ከደባርቅ አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በጤና ጣቢያ ሒሳብ ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ አባቴን በቅሎ ረግጣ መንጋጋቸውን ሰበረቻቸው። የጎንደር ሐኪሞች ጥርሳቸውን በሽቦ አስረው ለክትትል ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። አፋቸው አይከፈትም፤ የሚበጃቸው በስትሮ የሚመጠጥ ነገር ብቻ ነው። ስትሮ ደግሞ አልነበረም። በማንኪያ ስናጠጣቸው አጥሚቱ በጢማቸው ይወርዳል። ዕድሜ ልካቸውን በክብር የበሉ ሰው ናቸውና፣ በሰው ፊት እንዲህ ከመሆን መራብን መረጡ። ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት። በየቀኑ መነመኑ፤ እኔም የምቀብራቸው መሰለኝ።

የከተማውን ሱቆች ዞርኩ፤ ዳባት ያሉ ዘመዶቼን ጠየቅሁ፤ የለም። የጎንደር መንገድ ተዘግቷል። የነበረው አንድ እሽግ ብቻ ነው፦ መንገዱ ሳይዘጋ አንድ ነጋዴ ለጤና ጣቢያው ግዥ በናሙናነት የላከው። እሱም በሰብሳቢያችን ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል።

«ጋሼ፣ ሁለት ብቻ ይስጡኝ፤ ለአባቴ ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ናሙና አይነካም፤ መመሪያ ነው። የሦስተኛው ነጋዴ የዋጋ ፕሮፎርማ ይምጣና ግዥው ይጸድቃል።»

«መንገዱ ተዘግቶ ከየት ይመጣል?»

«እሱ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና ተውኳቸው።

ሐሙስ ዕለት ስለዚሁ ስትሮ ተሰበሰብን። ለመስተንግዶ ለስላሳ ቀረበ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው እሽጉን አወጡና፣ «ጥራቱ መፈተሽ አለበት» ብለው ቀደዱት። ለየጠርሙሱ አንዳንድ አደሉ። የተከበሩት አባላት በታላቅ ጥሞና መጠጡ። አንዱ «ቀጠን ይላል» አለ፤ ሌላው አጥፎ ሲለቀው ተመልሶ ቀና ማለቱን አደነቀ። አባቴ ከጥቂት ክፍሎች ወዲያ ተኝተዋል። የኔን ጠርሙስ አልነካሁም፤ ተጸየፍኳቸው። ከዚያ ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ አስያዙ፦ ናሙናው የጥራት ደረጃውን ያሟላል፤ ፕሮፎርማ ስለጎደለ ግዥው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

ተነሳሁና የተረፈውን እሽግ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«አንቺ! የመንግሥት ንብረት ነው እኮ!»

«እንግዲያው የጠጣችሁበትንም መልሱ» ብዬ ወጣሁ።

አጥሚቱን አሙቄ ስትሮውን በጉንጫቸውና በታሰረው ጥርሳቸው መካከል አስገባሁላቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ። አንድም ጠብታ በጢማቸው አልወረደም። ሲጨርሱ ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ድገሚኝ ማለታቸው ነው።