ያው የሚባል የለም

ከአጎቴ ይበልጥ ትዝ የሚለኝ ጣታቸው ነው። በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ላይ የከብት ሐኪም ነበሩ። ፊታቸው «ያው ነው» ያለ ሰው አያመልጥም፤ ጣታቸውን አንሥተው «ያው የሚባል የለም፤ ጠጋ ብለህ እየው» ይሉታል። እናቴ «ወንድሜ ጨው ሲያቀምሱት እንኳ የትኛው ጨው ይላል» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

አንድ የጋፋት ገበሬ ኪንታሮት የወጣባቸውን ሁለት ላሞች ነድቶ መጣ። እንደ አገሩ ልማድ ኪንታሮቱን በፈረስ ጭራ አስሮታል። የአንዷ ከአንገቷ ላይ ረግፏል። የሌላዋ ግን ጡቷ ላይ እየባሰ ሄዶ አልታለብ ብላለች፤ ልጆቹ ደግሞ ወተት የሚጠጡት ከእሷ ነው።

«ዶክተር፣ ኪንታሮት ያው ኪንታሮት አይደል? ይቺንም ልጠብቃት?» አለ።

ጣታቸው ተነሣ። «ያው የሚባል የለም! ኪንታሮት የሚያወጡት ቫይረሶች ወንድማማች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የሚሠሩት ፕሮቲን ጥቂት ሲለያይ፣ አንዱ ሕዋሱን እደግ ብሎ በጊዜው ይለቀዋል። ሌላው ግን በቃህ የሚለውን የሕዋሱን ተቆጣጣሪ አፉን ይይዘዋል። ከዚያ ሥጋው ማደጉን አይተውም።»

«ክፉ ጎረቤት ነዋ!» አለ ገበሬው። አጎቴ ላሚቱን አስጥለው ኪንታሮቱን ቆርጠው አወጡላት፤ ውሎ አድሮ ታለበች።

በቀብራቸው ማግስት አንድ ሽማግሌ ሊያጽናኑን «አይዟችሁ ልጆቼ፣ ሞት ያው ሞት ነው» አሉ። ሁላችንም ሳናስበው አጎቴ ይቀመጡበት ወደነበረው መደብ ዞርን።

ጣቱን የሚያነሣ አልነበረም።