«እኔን» ዐረብኛ ሲሆን

ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት እዚያው አል-ጣኢፍ ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ጌታው አንድ ጠዋት ቁርጡን ነገረኝ።

«ዓሚ፣ ዐይንህ ያሰጋኛል። አንድ ግጭት ከተጻፈብህ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

ዓሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ በክብር ነው የሚጠራኝ። በክብርም ቢሆን ቁልፍ ከተወሰደ ተወሰደ። በእኔ ዕድሜ ሌላ መኪና ማን ያስይዘኛል?

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ተልኬ ስመለስ፣ መንገዱ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር ቀስ እያልኩ ነው የምነዳው። ከጎን ካለው ቅያስ አንድ ራክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ወጣና የኋላ በሬን ገጨው። ድምፁ ጣሳ የወደቀ ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

ሞተር አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፣ ወረድኩ። ብረቱ ይቆያል፤ መጀመሪያ ሰው ነው የሚታየው። ራክሻው ውስጥ አንዲት አሮጊት ጉልበታቸውን ይዘው ይጮኻሉ፤ ባሚያቸው መሬት ላይ ተበትኗል። አንጀቴን በሉት።

«እኔን! እኔን እናቴ!» አልኩ። አማርኛ እንደማያውቁ ትዝ ሲለኝ ደረቴን እየመታሁ ወደ ዐረብኛ መለስኩት፦ «አና! አና ያ ሐጃ!»

እኛ «እኔን» ስንል ሕመምሽን ለእኔ ያድርገው ማለታችን ነው። ዐረብኛው «አና» ግን «እኔ ነኝ» ብቻ ነው።

የራክሻው ሾፌር፣ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ፣ እጁን ሰቅሎ ዘለለ። «ስሙ! ስሙ! ራሱ እኔ ነኝ አለ!»

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ሻይ ሻጭ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ «ሐቀኛ ሾፌር አያለሁ ብዬ አልጠበቅኩም፤ ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች።

«ያላ ዓሚ፣ መኪናህን አንሳና መንገዱን ክፈት» አለኝ ባለራክሻው። አላነሳም አልኩ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ነፉ፣ አንዱ «ሽማግሌ በቅሎ!» ብሎ ሰደበኝ። አፍ ይስታል፤ ጎማ ግን የቆመበት ይመሰክራል። አሮጊቷን ከፊት ወንበሬ አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ባሚያውንም ለቀምኩላቸው።

የትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ባለራክሻው ቀድሞ አወራው።

«እኔ ነኝ ብለሃል?» አለኝ ፖሊሱ።

«ብያለሁ። ግን...»

ግኑን ማስረዳት አቃተኝ። የእኔ ዐረብኛ ለገበያና ለመንገድ እንጂ ለእንዲህ ያለው አይደርስም። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አወጣ። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ በጣቴ ዳሰስኩ።

ይሄን ጊዜ አሮጊቷ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ቆይ ልጄ! እኔ ስመታ ምን ብዬ እንደ ጮኽኩ ታውቃለህ?»

«ምን አሉ ሐጃ?»

«‹ዉብ ዐለይ› ነዋ! ወዮ በእኔ ላይ! እንግዲህ በእኔ ላይ ካልኩ የገጨሁት እኔ ነኛ። በል ጻፈኝ!»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱም ከንፈሩን ነክሶ መኪናዬን ዞረ። የራክሻው የፊት ጎማ የኋላ በሬን እንደ ተደገፈ ነው።

«አንተ፣» አለው ባለራክሻውን፣ «ሽማግሌው በኋላ በሩ መጥቶ ነው የገጨህ?»

ሰውየው ጢሙን አከከ። «ወላሂ፣ ፍሬኑ ትንሽ ያንሸራትታል።»

ፖሊሱ ጥፋቱን በእሱ ላይ ጽፎ አንዱን ወረቀት ለእኔ ሰጠኝ።

ቤት እንደ ደረስኩ፣ ጌታው የበሩን መሰርጎድ ራሱ ሳያየው ሄጄ ነገርኩት።

«ማን ነው የገጨው?» አለኝ።

አፌን ስላላመንኩት ወረቀቱን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበ፤ አጥፎ መለሰልኝ።

«ነገ እናቴን ጀሪፍ ሰፈር ታደርሳታለህ፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ቁልፉ እኔው ኪስ ውስጥ አደረ።