የአባዬ ጸሎትና አሥር ደቂቃ

አዳማ ውስጥ ላለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ የምዝገባ ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። አመልካቹ ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃ ምንም ካልነካ ሴሽኑ ያልቅና ሲስተሙ ያስወጣዋል፤ የጻፈውም ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ሙሉ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ማን አለ ብዬ ነበር። አባቴን ረስቼው።

ታናሽ እህቴ እዚያው ኮሌጅ ገብታ ነርስ ለመሆን ቆርጣ ነበር። ምዝገባው የሚዘጋው ባመለከተችበት ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሳሎን ተቀምጣ በኮምፒውተሬ ፎርሙን ሞላች፤ ለምን ነርስ መሆን እንደፈለገች የጻፈችውንም እንዲያርምላት ለአባዬ ሦስቴ አነበበችለት። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። «ላክ» የሚለውን ልትጫን ስትል፣ «ሳንጸልይበት?» አለ።

እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ እኔ በአባዬና በእናቴ መሃል። ከእህቴ ጀመረ፤ ደህና። ከዚያ ሁሩታ ወዳሉ ዘመዶቻችን እህል ሄደ፤ ቆቃ ግድብ ውኃ እንዲሞላ ለመነ፤ ጉልበቷን የሚያማትን ጎረቤታችንን አነሳ። ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር ልቤ ድንግጥ አለ። አባዬ ቋንቋ የሚቀይረው ጸሎቱ ሲሞቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ መቼ «አሜን» እንደሚል ፈጣሪ ብቻ ያውቃል። በቤታችን ደግሞ ጸሎት አይቋረጥም። አንድ ዓይኔን ገልጬ ሰዓቱን አየሁ። ማውሱን ልነካ እጄን ሳብ ባደርግ፣ መንፈስ የነካኝ መስሎት ይባስ ጨበጠኝ።

«አሜን» ብለን እህቴ «ላክ»ን ተጫነች። «ጊዜዎ አልቋል፤ እባክዎ እንደገና ይግቡ» የሚል መልእክት መጣ። የጻፍኩት እኔው ነኝ። ብትገባ ፎርሙ ባዶ ሆኗል። ማልቀስ ጀመረች።

«ያንተ ሥራ አይደል? መልሰዋ!» አለኝ አባዬ።

«አልተቀመጠም አባዬ፤ ጠፍቷል።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባዬ አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «ጻፊ» አላት። የጻፈችውን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቃሉ ይላት ጀመር፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ እንዴት እንዳስታመመችው የጻፈችበት ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ላከችው።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ፣ ሴሽን ቢያልቅም የተጻፈው እንዲቀመጥ አደረግሁ። ቀላል ሥራ ነበር፤ ቀድሞ ያልሠራሁት ከስንፍና ነው።

እህቴ ዛሬ ነርስ ናት። አባዬ ግን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ማንኛውንም ፎርም ሞልቼ ወዲያው እልካለሁ፤ የሚያዘገየኝ የለም። እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።