የዝናብ ጊዜ ደንበኛ

«በዝናብ ከአንቺ የገዛን ደንበኛ በድርቅ እንዳትክጂው» ትለኝ ነበር አክስቴ፣ ወተት ይዘን ከሰፈራችን ከሄሉ ወደ ማንያታ ስንወርድ። እዚህ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ ዝናብ ሲጥል ወተት በየቤቱ ይሞላና ገዢ ይጠፋል። ያኔ አንድም ቀን ወተታችንን ያልመለሰችብን አንዲት ባለ ሆቴል ብቻ ነበረች።

አክስቴ ካረፈች ወር አልሞላትም፤ ድርቁ ግን ብሷል። ዛሬ ጠዋት አንድ ነጋዴ መኪናውን አቁሞ፣ «በሊትር ሃያ ሽልንግ ልጨምርልሽ፣ ለኔ ስጪኝ እህቴ» አለኝ። የላሞቹ ድርቆሽ አልቋል። እምቢ ብዬው፣ መንገዱን ሁሉ «በረሃብ ቢያልቁብኝስ?» እያልኩ ሄድኩ።

ባለ ሆቴሏ ጄሪካኑን ተቀበለችኝና፣ እንደ ልማዷ አክስቴን ሰላም ልትል ወደ ኋላዬ አየች።

እኔም ዞርኩ።