ቀይ ባንዲራ ያለበትን ተዉት

በዚያ ዓርብ ጠዋት እርሻው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረውና የከተማችን ወደብ ላይ በፈረቃ የጽዳት ሥራ የምትሠራው ጎረቤቴ፤ ያለ እሷ ድምፅ ሠርግ የማይሞቀው ከጎረቤት ከተማ ከክርያት አታ የመጣችው ጓደኛችን፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከክርያት ሞጽኪን የመጡት እማማ፤ ኋላ ላይ ደግሞ የልጄ አስተማሪ። አንዲት ድመትም ነበረች፤ እሷ ግን የመጣችው ቁርሳችንን ፈልጋ ነው።

ልጄ የምትማረው ስለ ዕፅዋት ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ የዕፅዋት ሳይንስ፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ልማት፣ የሰብል አያያዝ ብላ በአንድ ትንፋሽ ደረደረችው።

«ይሄ ሁሉ አንድ ትምህርት ነው?» አልኳት።

«አንድ ነው፣ ኢማ» አለችኝ፤ እናቴ የምትለኝ በዕብራይስጥ ነው።

«ነጭ ጋዎን ያስለብሳል?»

«አንዳንዴ። ብዙውን ጊዜ ቦት ጫማ ነው።»

እኔ ጎንደር ገጠር ውስጥ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ትምህርት ማለት ሰውን ከጭቃ የሚያወጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። ልጄን ግን ትምህርቱ ወስዶ ጭቃው መሀል አቆመልኝ። ፀሐይ ይመታታል፣ እባብ ይነድፋታል፣ ከርከሮ ያባርራታል እያልኩ ስጨነቅ ሦስተኛ ዓመት ደረሰች። የመመረቂያ ሥራዋ ምን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው? ጤፍ ላይ! የሳቅኩት ሳቅ ወገቤን አመመኝ። ባሕር ተሻግረን፣ ስንት ነገር አልፈን፣ ልጄ በዩኒቨርሲቲ ጤፍ ልትማር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአንድ ተራራ ግርጌ ባለው የዩኒቨርሲቲው እርሻ ላይ ጤፉን በትንንሽ መደብ ከፋፍላ ዘርታለች። ነጭ ባንዲራ የተተከለበት መደብ ይታረማል። ቀይ ባንዲራ የተተከለበት ግን አረሙ እንዳደገ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ታጭደው ይመዘናሉ፤ አረም ከጤፉ ላይ ምን ያህል እንደሚቀማ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቀዩ ከሌለ ነጩ ከምን ጋር ይወዳደራል? የዓመቱ ልፋት ከንቱ ይሆናል፤ ምረቃውም ለሌላ ዓመት ይተላለፋል። ይህን አሁን እንደ ውዳሴ በቃሌ እወጣዋለሁ። ያን ዓርብ ግን ከዚህ አንዷንም አላውቅም ነበር።

የማውቀው ልጄ መጨነቋን ነው። ጓደኞቿ ፈተና ላይ ነበሩ፤ አረሙ ደግሞ በእጅ ካልሆነ አይነቀልም። አስተማሪዋ ዓርብ መጥታ መደቦቹን ልታይ ነው። «ኢማ፣ ጠዋት ትንሽ ብትረጂኝ?» አለችኝ። ብቻዬን? ሰው እንዲህ ሲጨነቅ በእኛ አገር ደቦ ነው የሚጠራው። ስልኬን አንስቼ ደቦ ጠራሁ።

ለሁሉም የሚበቃ ባርኔጣ ያዝኩ። ውሃ፣ ዳቦ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ለእባብ ነጭ ሽንኩርት፣ የፀሐይ ቅባት፣ ትርፍ ካልሲም ጨመርኩ። አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤቴ ሻንጣዬን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ «አንቺ፣ ለአረም ነው የምንሄደው ወይስ ለዘመቻ?» አለችኝ።

«ቆይ፣ ሲርብሽ ትለምኚኛለሽ።»

ልጄ በር ላይ ጠብቃ ወሰደችን። እማማን ደግፋ ጥግ ላይ አመጣቻቸውና፣ «እማማ፣ አንቺ እዚህ ቁጭ በዪ» አለቻቸው። ጎረቤቴ አፏን በእጇ ከደነች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እማማ ግን፣ «ተያት፣ አትቆጪያት፤ አንቺ ስትለኝ ሃያ ዓመት ከላዬ ላይ ወረደ» ብለው ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ከዚያ ልጄ መደቦቹን አሳየችን። «ይሄን ነጩን ታርማላችሁ። ቀይ ባንዲራ ያለበትን ተዉት። አትድከሙበት። ቤሰደር?»

«ቤሰደር፣ እሺ!» አልን ሁላችንም፣ እንደ ተማሪ።

አስተማሪዋ ደወለችላትና ልትቀበላት ወደ በሩ ሄደች። እኛም ነጠላችንን አጥብቀን ታጥቀን ጎንበስ አልን። ጎረቤቴ ግን ቀና ብላ አንዱን ቀይ ባንዲራ አየች። እዚያ ያለው አረም ጉልበት ይደርሳል፤ ጤፉ ከውስጡ እንደ ተቀበረ ሰው ነው የሚታየው።

«ተዉት ያለችን ይሄን ነው?»

«ታዲያ ምን ትበል?» አለች የክርያት አታዋ። «ሰው ደቦ ጠርቶ፣ ከባዱን እናንተ ሥሩልኝ ይላል? አፍራ ነው እንጂ።» ወደ እኔ ዞረችና፣ «እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሻት በእግዜር!» አለችኝ።

እንዴት ልንገራችሁ፣ ልቤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ይሉኝታ አያውቅም ሲባል ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። የኔ ልጅ ግን እንግዳ እንዳይደክም ከባዱን ለራሷ ልታስቀር! ባለቤት ተዉት ሲል መተው በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በቃችሁ ሲባል ነው የሚጨመረው። አረም የበዛበትን አልፎ የሄደ ሰው ኋላ ምሳውን በምን ዓይኑ ይበላል? «በሉ፣ እሷ ሳትመጣ ከቀዩ እንጀምር» አልኩ። ያልኩት እኔው ነኝ።

ድርሻ ተካፈልን። ለእማማ እንደ ደንቡ የዳሩ ደረሳቸው፤ አንድ ነጭና አንድ ቀይ። እሳቸውም በግርማ ተቀበሉና ድርሻቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ወሬያቸውን ጀመሩ። እኛ ስንነቅል እሳቸው ያወሩልናል። የክርያት አታዋ ዘፈን አነሳች። በዘፈን ከሆነ ትልቅ ሰውን መንካት ይፈቀዳልና አልማረቻቸውም፦

«ጀርባችን ተጠብሶ ጤፍ ስናርምላት፣
እማማ ጃንጥላ፣ ፀሐይ እንዳይነካት!»

«ዝፈኚ፣ ዝፈኚ» አሉ እማማ፤ «እኔ የተፈጠርኩት ለጭብጨባው ነው።»

እንዲያ ስቄ አላውቅም። እጄ ከስንት ዓመት በኋላ ሥራውን አስታወሰ፤ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይነቅላሉ። ከመንገዱ ማዶ ልምምድ የሚሮጡ ልጆች ቆመው ቪዲዮ አነሱን። ጎረቤቴ፣ «አለቃዬ ይሄን ካየ ሰኞ ፈረቃዬን እጥፍ ያደርገዋል» እያለች ይበልጥ ትጨፍራለች። የሁላችንም ድርሻ አለቀ። የእማማ ብቻ ቀረ። ልንጨርስላቸው ስንጠጋ ጃንጥላቸውን አጥፈው እንደ ዱላ አነሱት።

«ማን ነው የኔን ድርሻ የሚነካ? እኔ አልሞትኩም! አርፌ እሠራዋለሁ።»

«መቼ እማማ?»

«ሲቀዘቅዝ።»

«ሐምሌ ላይ ነን እኮ፣ ያውም እሳት በሆነው የዚህ አገር ሐምሌ!»

«ታዲያ ጠብቂያ!» ብለው ጃንጥላውን መልሰው ዘረጉና ተኙ።

ልጄ ብቻዋን ተመለሰች፤ አስተማሪዋ መኪናዋን ልታቆም ወደኋላ ቀርታለች። እኛ በሰልፍ ቆመን ጠበቅናት። ዕልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ግን እልል አላለችም። የያዘችው የውሃ ጠርሙስ ከእጇ ወደቀ።

«ኢማ። ቀዩ የት ሄደ?»

«ይኸውልሽ!» አልኩና ክምሩን በኩራት አሳየኋት።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። በአማርኛ ስትጀምር በዕብራይስጥ ስትጨርስ፣ ስታለቅስ ስትናገር፣ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያን ጊዜ ነገረችን። ሚዛኑን፣ ውድድሩን፣ ዓመቱን። «ተዉት አልኩ እኮ!»

«አዎ፣ ግን እኛ…» አለች የክርያት አታዋ። ይሉኝታን በዕብራይስጥ ማን ያስረዳል?

የልጄ ምረቃ ተነቅሎ ተከምሮ ፀሐይ ላይ እየጠወለገ ነው። ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። «መልሰን እንትከለው!» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሦስታችንም ክምሩ ላይ ዘመትን። አንዷ በጣቷ ጉድጓድ ትምሳለች፣ አንዷ አረሙን ታቆማለች፣ እኔ ለመጠጥ ያመጣሁትን ውሃ በክዳን እያደረግሁ አጠጣለሁ። አረሙ ይወድቃል፣ እናቆመዋለን፣ ይወድቃል። ጎረቤቴ አንዱን በቁስል ፕላስተር ከባንዲራው ጋር አጣብቃ፣ «ይሄ ይድናል» አለች። ልጄ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ማን ይመልሰን? በጉልበታችን ተንበርክከን አረም እየተከልን፣ እየተንፈራፈርን ስንስቅ፣ ከራሳችን በላይ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ቆማለች።

አስተማሪዋ ነች። ባዶውን መደብ አየች፤ ፕላስተር የታሰረለትን አረም አየች። «ከርከሮ ገባ?» አለች።

የክርያት አታዋ በዕብራይስጥ፣ «ከርከሮ ነን፣ ግን እንዘፍናለን» አለቻት።

ልጄ ተነስታ ሁሉንም ነገረቻት። እኔ አስተማሪዋን ሳይሆን አፏን ነበር የማየው። ምን ይወጣው ይሆን? አስተማሪዋ ሁሉንም ሰምታ በመደቦቹ መሀል ቀስ ብላ ሄደች፤ ዳር ስትደርስ ቆመች። እዚያ፣ ከጃንጥላው አጠገብ፣ አንድ ቀይ መደብ አረሙ እንዳለ ጉልበት ድረስ ቆሟል።

«ይሄኛውን ማን አተረፈው?»

ሁላችንም ወደ ጃንጥላው ጠቆምን። ከሥሩ ቀጭን የማንኮራፋት ድምፅ ይሰማል።

አስተማሪዋ እስከዚያ ሳቋን ይዛ ነበር፤ አሁን ግን ባርኔጣዋን አውልቃ ፊቷን ሸፍና ሳቀች። ስትጨርስ ለልጄ እንዲህ አለቻት፦ የጠፉት መደቦች ከዚህ በፊት ተለክተው ፎቶ ተነስተዋል፤ ያ አይጠፋም። ይህ አንዱ እስከ አጨዳ ከቆየ ሥራው ይሳሳል እንጂ አይሞትም። የሆነውን ሳትደብቅ እንዳለ ትጽፋለች። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጭቃዋ ከጭቃዬ ጋር ተደባለቀ።

እማማን ቀሰቀስናቸው። ባለ ባርኔጣዋ ሴት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ስትጨብጥ ግራ ገባቸው።

«ምን ሠርቼ ነው?»

«ምንም ባለመሥራትዎ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «እኔም ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብኝ።»

ጀንበር ጠልቃ ሰንበት ሳይገባና አውቶቡስ ሳይቆም የመጨረሻውን ያዝን። መንገዱን ሙሉ ዘፈኑ የእማማ ሆነ። የክርያት አታዋ ግጥሙን ገልብጣ አሞገሰቻቸው፤ እሳቸውም ለጭብጨባው መፈጠራቸውን አስመሰከሩ።

ከዚያ እስከ አጨዳው ድረስ ያ መደብ የእማማ መደብ ተባለ። ልጄ በየሳምንቱ ፎቶውን ትልክላቸው ነበር። እሳቸውም ጎረቤታቸውን እያስጻፉ ይመልሱላታል፦ «አረሜ እንዴት አደረ?» አጨዳው ደረሰ፣ ተመዘነ፣ ተጻፈ፣ አለፈች። እኔ ነጥቡን አልጠየቅኳትም። አለፍሁ ስትለኝ ኩሽናው ውስጥ እንዳለሁ ዘለልኩ፤ ከላይ ጎረቤቴ በመጥረጊያ ወለሉን መታችልኝ፣ ደስታዬን ስታደምቅ ነው።

አሁን ምረቃው ቀርቧል። እማማ ግን ከአጨዳው በኋላ ደቡብ የሚኖረው ልጃቸው መጥቶ ወስዷቸዋል። ስልካቸው ተቀይሯል፤ ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበታል። የሚጽፉላቸው ጎረቤትም ወዴት ከተማ እንደሄዱ አያውቁም። ልጄ ከፊት ወንበር ይዛላቸዋለች፣ ከኔ አጠገብ። ጉልበታቸውስ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። አጠር ያሉ ናቸው፣ ሰማያዊ ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፣ ከሠሩት ይልቅ ያልሠሩትን ሲያወሩ ይደምቃሉ። ያያችኋቸው ወይም ያሉበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ደህና መሆናቸውን ንገሩኝ።