በቾል እጅ የተለካው የባሌ ሰዓት

ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ሊነጋጋ ሲል

ቾል ሞተሩን ከላውንደሪዬ በር ላይ አቁሞ ጡሩምባውን ይነፋል። ጋምቤላ አድጎ ወደ አገሩ የተመለሰ የቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ነው፤ የሆቴል አንሶላ የሚያመላልስልኝ እሱ ነው። ዛሬ ግን ጭነቱ እኔ ነኝ።

"እህቴ፣ ኤርፖርት በዚህ ጠዋት ምን ትሠሪያለሽ? አውሮፕላኑ ከሰዓት ነው ብለሽኝ የለ?"

"መጀመሪያ ሰዓት እንገዛለን።"

"ስልክሽ ሰዓት የለውም እንዴ?"

ለባሌ እንደሆነ ነገርኩት። በኃይሉ አዲስ አበባ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። ጁባ ከገባሁ ጀምሮ "ና" ስለው "እስቲ እናያለን" እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ለጥቂት ቀን ሊያይ ይመጣል። "አይቼ እወስናለሁ፤ ቃል ግን አልገባም" ብሎኛል። የድሮ ሰዓቱ ከተሰበረ ወዲህ እጁ ባዶ ነው። ባትሪ ያለው ሰዓት አያስርም፤ "ባትሪ የሚለምነኝ ሰዓት አልፈልግም" ይላል። ስለዚህ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ አውቶማቲክ የሚሉት መሆን አለበት። መቶ ሃምሳ ዶላር ይዣለሁ።

የባሌን የእጅ ውፍረት እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። ቾልን እጅህን አሳየኝ አልኩት። በአንድ እጁ እየነዳ ሌላውን ወደ ኋላ ሰደደልኝ።

"ይኼን ያህል ይሆናል" አልኩ። ግምት ነው።

ጁባ ታውን፣ ረፋድ

የጫማ ክምር፣ የጄኔሬተር ጭስ፣ ቻፓቲ የምትጠብስ ሴት፣ በሰው መሀል የሚሾልክ የውሃ ጋሪ። ጃንጥላ ሥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰዓቶች ተደርድረዋል። ሁሉም ወርቅማ ናቸው፤ ሁሉም የተለያየ ሰዓት ይላሉ።

"በከም?" አለ ቾል።

"አሥራ አምስት ዶላር። አውቶማቲክ፣ ኦሪጅናል!"

ሻጩ ትልቁን መርጦ ቾል እጅ ላይ አሰረና ወደ እኔ ዞሮ በዐረብኛ "ባልሽ አማረበት" አለኝ። ቾል አላስተባበለም። ደረቱን ነፋ አድርጎ እጁን በፀሐዩ አገላበጠው።

ሰዓቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። በኃይሉ በስልክ አስተምሮኛል፦ የባትሪ ሰዓት ሴኮንድ ቆጣሪ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ የአውቶማቲክ ግን ይንሸራተታል። ይኼኛው እንደ እንቁራሪት ይዘላል።

"ባትሪ ነው" አልኩ።

ሻጩ ምንም አልደነገጠም። "ባትሪም እኮ አውቶማቲክ ነው። አንቺ ምንም አትነኪውም፣ ራሱ ይሄዳል።"

"እውነቱን ነው" አለ ቾል። ከእጁ ላይ ራሴ ፈታሁት።

ሎሎጎ ሰፈር፣ ፀሐይ አናት ላይ

ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የግንባታ ፎርማን የስዊዝ ሰዓታቸውን ሊሸጡ ነው ተብሎ ቸርች ተነግሮኝ ነበር። አቧራ ለብሰን ደረስን። ሰዓቱን ከካርቶን፣ ከፌስታል፣ ከዚያም ከመሐረብ ውስጥ አወጡት። ያምራል። ቾል እጁን ሲዘረጋ ግን ጋሽ ታደሰ ወደ ደረታቸው ሸሸጉት።

"ዋጋው ሦስት መቶ ነው። ውስጡ ተከፍቶ አያውቅም፤ ለጽዳትና ለዘይት ትንሽ ታወጪበት ይሆናል።"

"ጋሼ፣ ያለኝ መቶ ሃምሳ ነው።"

"ውሰጂልን ልጄ!" አሉ ባለቤታቸው ከበሩ። "ማታ ማታ ጆሮው ላይ ለጥፎ ነው የሚተኛው!"

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው "ይሁን" አሉ። ሰዓቱን ዘረጉልኝ። ማሰሪያውን ያዝኩ። ሳብ አደረግሁ። አልመጣም።

"ጋሼ፣ ይልቀቁት እንጂ።"

"ለቅቄዋለሁ።"

"ታደሰ!" አሉ ባለቤታቸው።

"ለቀቅኩ አልኩ እኮ!" ጣቶቻቸው ነጥተዋል። ዓይናቸውን ሳይ አንጀቴን በሉት።

"ይቅርብዎ፣ ጋሼ" አልኩ። ያኔ ፊታቸው በራ፤ ማንጎ ጭማቂ ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉ። ባለቤታቸው ግን ብርጭቆውን ሲያቀብሉኝ አላዩኝም።

እንደገና ጁባ ታውን

ሐጂ ኑረዲን ከወራቤ የመጡ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቃቸው ባትሪ፣ ሬዲዮና ሰዓት ነው። ለባሌ አውቶማቲክ ሰዓት እንደምፈልግ ስነግራቸው ስንት እንደያዝኩ አልጠየቁኝም።

"ባልሽ ሥራው ምንድን ነው?"

"የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናል፣ ሐጂ።"

"እጁ ሲንቀሳቀስ ይውላላ። ተቀምጦ የሚውል ሰው ቢሆን ሁለት ቀን ሳይቆይ ይቆምበት ነበር።"

ሦስት አወጡ። የቻይናው ስልሳ ዶላር፤ ወፍራም ነው፣ ሲነቀንቁት ሆዱ ይንኳኳል። የጃፓኑ መቶ አሥር፤ ምንም ጌጥ የለው፣ ጀርባው መስታወት ነው፣ ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ብረት ይሽከረከራል። ሦስተኛው አራት መቶ ነው።

"ይኼስ ምን የተለየ አለው?"

"እሱን የሚገዙኝ ሰዓት ሊያዩበት አይደለም፤ ሊታዩበት ነው።"

የጃፓኑን አልኩ። ቾል ዓይኑን ከሰዓቱ አላነሣም።

"የባልሽ እጅ ከዚህ ይቀጥናል?" አሉ ሐጂ ሰዓቱን ቾል እጅ ላይ አስረው።

"ሳይቀጥን አይቀርም።"

የብረት ማሰሪያውን አውልቀው ቀዳዳው ብዙ የሆነ የቆዳ ማሰሪያ አደረጉበት። "ጋሊ ሸዲድ! በጣም ውድ ነው" ብሎ ቾል ተከራከረልኝና በመቶ ተስማማን። ሐጂ ሰዓቱን አስተካክለው ሲሰጡኝ፣ "እንዳይቆም እጅ ላይ ይዋል" አሉ።

ቾል እጁን ዘረጋ። "ኤርፖርት ድረስ እኔ ልሙላው።"

ኤርፖርት፣ ከሰዓት በኋላ

የጁባን ጉድጓዶች አንድም ሳይዘል ነዳ። "ሰዓቱ ይሞላ ብዬ ነው" ይለኛል፤ ወገቤ ግን ተነቀለ። ስንደርስ "ፍታው" አልኩት።

"ትንሽ ይቀረዋል።"

"ቾል!"

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም እህቴ፣ አውሮፕላኑ ገና..."

አውሮፕላኑ አርፎ ኖሮ መንገደኛው ይወጣል። ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ ስታገል ከኋላዬ "ምሕረት?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በኃይሉ ነው። ከስቷል፣ ላብ አጥምቆታል፤ ሚስቱን የማያውቀው ረጅም ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥላ ያያል።

"ሰዓትህን እያወለቅሁ ነው" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ቾል ፈትቶ ሰጠው፤ በኃይሉ አሰረው። ልክ ሆነ። ጆሮው ላይ አደረገው፣ ጀርባውን ገልብጦ የሚሽከረከረውን ብረት አየ፤ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አስተያየና ግንባሩን ቋጠረ።

"አታለውሻል። አንድ ሰዓት ወደኋላ ይላል።"

"የጁባ ሰዓት ነው። እኛ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነን።"

 ጣቱ የሰዓቱን መዘውር ይዟል፤ ስቦ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ሊመልሰው ነው ብዬ ጠበቅሁ። መዘውሩን ለቀቀና ስልኩን ለቾል ሰጠው።

"ወንድም፣ የስልኬን ሰዓት በዚህ በእጄ ሰዓት አስተካክልልኝ።"

"ለጥቂት ቀን ነው ብለህ የለ?" አልኩት።

"ለጥቂት ቀን ብሎ የስልኩን ሰዓት ማን ይነካካል?" አለና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ሞተሩ ሄደ።